የሟች ስም፦ «ሄንሪ»ን ከቡና አገር ማንበብ

የጆን ማክኖተን «ሄንሪ፦ የአንድ ተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ምስል» ሲጀምር በመጀመሪያ የሚመጣው ጽሑፍ ነው። ፊልሙ ልብ ወለድ መሆኑን፣ በከፊል ግን ሄንሪ በተባለ ሰው የእምነት ቃል ላይ መመሥረቱን፣ ሰውየውም ካመነው ውስጥ ብዙውን በኋላ መካዱን ይነግረናል። ከዚያ ሣር ላይ የወደቀች ሴት ፊት ይታያል። ካሜራው ከፊቷ ተነሥቶ በዝግታ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሌሎች አስከሬኖችም ይከተላሉ። ግድያዎቹ ሲፈጸሙ አናይም፤ ጩኸቱና ግብግቡ ብቻ እንደ ገደል ማሚቶ ከምስሉ ሥር ይሰማል። በመካከሉ ሄንሪ ምግብ ቤት ተቀምጦ በልቶ ይጨርሳል፣ ሒሳቡን ይከፍላል፣ አስተናጋጇን ፈገግታዋ እንደሚያምር ነግሯት ይወጣል። መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል።

በዚህ መክፈቻ ላይ ያሉት ሟቾች አንዳቸውም ስም የላቸውም። የማን ልጅ፣ የማን እኅት፣ የማን ሚስት እንደሆኑ አይነገረንም። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጉዳይ እዚህ ላይ ይጀምራል። ዘጋቢ ፊልም የሚመስል የነፍሰ ገዳይ ፊልም እውነተኛ መስሎ የሚታየን በምን ምክንያት ነው? ያ እውነተኛነትስ ሟቾቹን የት ያደርሳቸዋል? ጥያቄውን ከቡናው አገር፣ ከጅማ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነትና ከሰቃ ጨቆርሳ ሆኖ መጠየቅ ትርፍ አለው ብዬ አምናለሁ። በዚህ አገር ሰው ሲገደል ነገሩ የሚጀመረው ከሟቹ ወገን ነውና።

አስቀድሞ ስለ አሠራሩ። ፊልሙ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1985 ቺካጎ ውስጥ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ አንድ ወር በማይሞላ ጊዜ፣ 110,000 ዶላር ገደማ በሚሆን በጀት ነው። ገንዘቡን ያወጡት በቪዲዮ ንግድ የተሠማሩ ሁለት ወንድማማቾች ሲሆኑ የጠየቁት ርካሽ የሆነ አስፈሪ ፊልም ነበር። ማክኖተን ጭራቅ የሚያሠራበት፣ ልዩ ውጤት የሚገዛበት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ወደ እውነተኛ ሰው ታሪክ ዞረ፤ ቀረጻውንም በእውነተኛ ጎዳናና በጠባብ አፓርታማ ውስጥ አካሄደ። ሄንሪን የተጫወተው ማይክል ሩከር ያን ጊዜ በሰፊው የሚታወቅ ተዋናይ አልነበረም። ተመልካቹ ፊቱን ከሌላ ፊልም ስለማያውቀው ከገጸ ባሕሪው ጀርባ ተዋናዩን አያይም። ፊልሙ በ1986 ለመጀመሪያ ጊዜ ታይቶ ወደ ሲኒማ ቤቶች በሰፊው የወጣው ግን በ1990 ነው፤ የአሜሪካ የፊልም ደረጃ ሰጪዎች ለአዋቂዎች ብቻ ከሚባለው የመጨረሻ ደረጃ አላወርድም ብለው ስላዘገዩት።

የበጀቱ ማነስ ለፊልሙ ሦስት ነገር ሰጥቶታል፦ የማይታወቅ ፊት፣ ያልተስተካከለ ብርሃንና የቸኮለ ቀረጻ። እነዚህን በዜናና በዘጋቢ ፊልም ለምደናቸዋል። ዓይናችን የለመደውን ሲያይ ማስረጃ ያገኘ ይመስለዋል። የኛም አገር ብዙ አዘጋጆች ይህን ያውቁታል፤ በትከሻ የተያዘ ካሜራና የሚርገበገብ ምስል ለፊልማቸው የእውነት ማኅተም ሲሆን አይተዋል። ነገር ግን የምስሉ ሻካራነት ስለተፈጸመው ነገር የሚነግረን አንዳች የለም። የሚነግረን ቀራጩ ምን መሣሪያ በእጁ እንደነበረ ነው።

ማክኖተን ይህን የተረዳ ይመስለኛል፤ ለዚህም ማስረጃዬ ብዙ የተወራለት የቪዲዮ ካሴት ትዕይንት ነው። ሄንሪና ጓደኛው ኦቲስ ካገኟት የቪዲዮ ካሜራ ጋር አንድ ቤት ይገባሉ፣ ቤተሰቡን ይጨርሳሉ። እኛ የምናየው በእነርሱው ካሜራ የተቀረጸውን ነው። ምስሉ የደበዘዘ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፤ ካሜራው በአንድ ወቅት ከእጅ ወርዶ ይጋደማል፣ ቀረጻው ግን አይቋረጥም። ቅንብር የሚባል ነገር የለም፤ ማቋረጫ፣ ትንፋሽ መውሰጃ አይሰጠንም። ድርጊቱ በዚያች ደቂቃ የሚፈጸም ይመስለናል። ከዚያ ማክኖተን የራሱን ካሜራ ዞር ያደርግና ሄንሪና ኦቲስ ሶፋ ላይ ተቀምጠው የቴሌቪዥኑን መስኮት ሲያዩ ያሳየናል። ግድያው ካለቀ ቆይቷል። ኦቲስ ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥኖ እንደገና፣ በዝግታ ሊያየው ይፈልጋል።

በዚያ ቅጽበት የተቀመጥንበትን ቦታ እናውቃለን፤ ሦስተኛው የሶፋ ተቀማጭ እኛ ነን። ፊልሙ ከሁሉ በላይ ዘጋቢ የሚመስለው በዚህ ቦታ ሲሆን፣ ያንን መልክ የሰጡት ገዳዮቹ ራሳቸው ናቸው። ስለ ነፍሰ ገዳዮች የተሠሩ ፊልሞች ብዙውን ጊዜ ከመርማሪው ጎን ያስቀምጡናል፤ እያየን የምንመረምር፣ እየመረመርን የምንፈርድ ይመስለናል። «ሄንሪ» ውስጥ መርማሪ የለም። ፖሊስ በሩን አያንኳኳም። ይህ የፊልሙ ትልቁ ሐቀኝነት ነው፤ በዚህ ረገድ ከእርሱ በኋላ ከመጡት ከአብዛኞቹ ይበልጣል።

አሁን ወደ መክፈቻው ጽሑፍ ልመለስ። የፊልሙ መነሻ የሆነው ሄንሪ ሊ ሉካስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቴክሳስ ተይዞ በመቶ የሚቆጠሩ ግድያዎችን ፈጽሜአለሁ ብሎ አመነ። ከየክፍለ ግዛቱ መርማሪዎች እየመጡ ያልተፈቱ መዝገቦቻቸውን ይዘው ተሰለፉ። እርሱም ያምናል፤ መዝገቡም ይዘጋል። ባመነ ቁጥር የሚያገኘው እንክብካቤ ይጨምር ነበር። በ1986 የቴክሳስ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ያወጣው ሪፖርት የእምነት ቃሎቹን አብጠርጥሮ ሰውየው ገደልኩ ባለበት ጊዜ ሌላ ቦታ እንደነበረ የሚያሳዩ መረጃዎችን አቀረበ። በ1998 የዚያን ጊዜው አገረ ገዥ ጆርጅ ቡሽ የሞት ፍርዱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡለት። ምክንያቱ ሞት የተፈረደበትን ያንኑ ግድያ መፈጸሙ አጠራጣሪ መሆኑ ነበር። ሉካስ ገዳይ ነበር፣ እናቱን ገድሏል፤ ግን ፊልሙ ሲሠራ ዓለም ያውቀው የነበረው ያ በመቶዎች የገደለ ሰው በምርመራ ክፍል ውስጥ የተፈጠረ ነው።

እንግዲህ የዘጋቢ ፊልም መልክ ያለው ይህ ሥራ የቆመው በሐሰት ኑዛዜ ላይ ነው። ይህን ማወቅ ፊልሙን አያፈርሰውም። ማክኖተን ራሱ ጀግናውን የሚለዋወጥ ነገር ያናግረዋል፤ ሄንሪ እናቱን እንዴት እንደገደለ ሲናገር አንዴ በስለት፣ አንዴ በጥይት ይላል፤ የኦቲስ እኅት ቤኪ ልዩነቱን ስታስተውል ይቀበላታል። አንድ ሰው ስለራሱ ወንጀል የሚናገረው ቃል እንኳ መያዣ እንደሌለው በዚህች ትንሽ ልውውጥ ውስጥ አለ።

ኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህን ለመረዳት አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ብዙዎቻችን ዘጋቢ ፊልም የሚለውን ስም ያወቅነው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከታየው የተጠርጣሪዎች ቃል ነው። በኅዳር 2004 ዓ.ም. «አኬልዳማ» የተባለው ፊልም ታየ። በጥር 2005 ዓ.ም. ደግሞ «ጂሃዳዊ ሐረካት» ቀረበ፤ የሙስሊሙን ኅብረተሰብ ጥያቄ ይዘው የተነሡት የኮሚቴ አባላት ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት እያለ፣ በእስር ላይ ሆነው የተናገሩት ቃል ተቀርጾና ተቀናብሮ ለአገር ተሠራጨ። ሙስሊሙ በሚበዛበት በጅማ ዞን ይህ ፊልም በየቤቱ የታየው እንደ ፊልም አልነበረም፤ እንደ ፍርድ ነበር። አስፈሪው ሙዚቃ፣ የጨለመው ብርሃን፣ የተራኪው ወፍራም ድምፅ ከነፍሰ ገዳይ ፊልም የተወሰዱ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 የተያዘ ሰው በማስረጃነት ሊቀርብበት የሚችል ቃል እንዲሰጥ እንደማይገደድ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። አንቀጽ 20 ደግሞ ጥፋተኛ ተብሎ እስኪፈረድ ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብትን ይሰጣል። ካሜራ በምርመራ ክፍል ውስጥ ሲገባ እነዚህን ሁለት አንቀጾች ይዳፈራል። በዚህ ላይ ምንም ማለሳለሻ መጨመር አልፈልግም።

ይህን የካሜራ በደል ልብ ወለድም አንሥቶታል፤ ሬሚ ቤልቮ፣ አንድሬ ቦንዘልና ቤንዋ ፑልቮርድ እ.ኤ.አ. በ1992 ቤልጅየም ውስጥ የሠሩት፣ ፈረንሳይኛ ርእሱ በሰፈራችሁ የተፈጸመ እንደማለት የሆነው ጥቁርና ነጭ ፊልም የቀራጩን በደል ፊት ለፊት ያወጣል። አንድ የቀረጻ ቡድን ነፍሰ ገዳይ እየተከተለ ይቀርጻል፤ ገንዘብ ሲያልቅበት ገዳዩ ከሟቾች በዘረፈው ይደጉመዋል፤ ቆይቶ ቡድኑ ራሱ በወንጀሉ ይሳተፋል። ሥራው ብልህ ነው፤ ከ«ሄንሪ» ጋር ሳስተያየው ግን ብልጠቱ ስለሚበዛበት ሟቾቹ ይበልጥ ይሳሳሉ።

እነዚህን ፊልሞች ይዤ ወደ ጊቤ ማዶ ስሻገር የምሄደው ግድያ ሌላ ሥርዓት ወዳለው አገር ነው። በኦሮሞ ባህል ሰው ሲገደል ጉማ ይከተላል። የገዳይ ቤተሰብ ከሟች ቤተሰብ ዓይን ይርቃል፤ በአንድ መንገድ አይሄዱም፣ በአንድ ገበያ አይቆሙም። ጃርሶሊ የሚባሉት የአገር ሽማግሌዎች ወደ ሟች ቤት ይሄዳሉ። መጀመሪያ አይሰሙም፤ ይመለሳሉ፤ እንደገና ይሄዳሉ። የሟች ወገን እርቅ እሺ ሲል ካሳው ይቆረጣል። ከፋዩ ገዳዩ ብቻ አይደለም፤ ጎሳው ያዋጣል። የመደበኛው የወንጀል ክስ በራሱ መንገድ ይቀጥላል፤ ጉማ ግን ደሙ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል እንዳይቀር ያደርጋል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ መጀመሪያ የሚታወቀው ሟቹ ነው። ወገኑ ያልታወቀ ሰው ጉማ ሊከፈልለት አይችልም፤ ሽማግሌ የሚሄድበት ደጅ የለምና። ገዳዩም ቢሆን ብቻውን የሚታይ እንቆቅልሽ አይሆንም፤ የእገሌ ልጅ ነው፣ የሠራው ነገር እነ እገሌን አስከፍሏል።

የኢትዮጵያ ሲኒማ ይህን ጉዳይ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ያዘጋጀው «ጉማ» ስሙንም መሠረቱንም የወሰደው ከዚሁ የደም ካሳ ሥርዓት ነው፤ የአገራችን የፊልም ሽልማትም ዛሬ በዚያ ፊልም ስም ይጠራል። በነፍስ ግድያ ላይ ከተሠሩት ቀደምት ፊልሞቻችን አንዱ ግድያውን ከዕዳው ነጥሎ አላየውም ማለት ነው። ይህን ቅርስ ዛሬ የወንጀል ፊልም የሚሠሩ ወጣቶቻችን የረሱት ይመስለኛል፤ ያሳዝነኛልም።

ይሁንና ቡና አገር ሁሉም ሰው ሁሉንም የሚያውቅበት ነው ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። በዚህ አካባቢ የነበሩት የጊቤ መንግሥታት በየድንበራቸው ኬላ አቁመው ገቢና ወጪውን ነጋዴ ይቆጣጠሩ የነበረው እንግዳ ስለበዛ ነው። የጅማው የሂርማታ ገበያ ከሩቅ የመጣ ሲራራ ነጋዴ የሚውልበት ነበር። ዛሬም ቡና ሲቀላ፣ ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥና ጥር፣ አጋሮ፣ ጌራና ሊሙ በለቃሚ ይሞላሉ። ለቃሚው የመጣበትን ወረዳ የሚያውቅለት ከእርሱ ጋር የመጣው ጓደኛው ብቻ ነው። ቀን በእሸት ቡና ቅርጫት ልክ ይከፈለዋል፤ ማታ የሚያድረው በጎተራ ጥግ ወይም በተከራየው ጠባብ ክፍል ነው። የተለቀመው እሸት ከፊሉ መፈልፈያ ይገባል፣ ከፊሉ ከነገለባው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ይሆናል። ሌሊት አልጋውን የሚጠብቅ ዘበኛ አለ። ጠዋት አንድ ለቃሚ ባይታይ ማን ይጠይቃል? አገሩ ሄደ ይባላል። ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል።

ማክኖተን ሄንሪን ከእስር ቤት የወጣ፣ ከከተማ ከተማ የሚዞር፣ በየቤቱ ተባይ እያጠፋ የሚኖር ሰው አድርጎ የሣለው በዚህ ዓይነት ክፍተት ውስጥ ሊያስገባው ነው። ከሚገድላቸውም ብዙዎቹ ቶሎ የሚፈልጋቸው ሰው የሌላቸው ናቸው። ተከታታይ ግድያ የሚቻለው የሟቾቹ መጥፋት ሳይቆጠር ሲቀር ነው። ስለዚህ በቡና አገር እንዲህ ያለ ፊልም የሚሠራ ሰው ቢኖር ካሜራውን የሚያቆመው በገዳዩ ትከሻ ላይ ባይሆን እመርጣለሁ። ስም ዝርዝር የሚይዘው የለቃሚ አለቃ አጠገብ ቢያቆመው፣ አንድ ስም ሲሰረዝ ቢያሳየን፣ ከዚያ ያ ሰው ከመጣበት ወረዳ ድረስ ተጉዞ እናቱን ቢያገኝ፣ የግድያውን ክብደት በዚያ ጉዞ ውስጥ እናገኘዋለን።

ይህ በአነስተኛ ገንዘብ የሚቻል መሆኑን ኃይሌ ገሪማ ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት አሳይቷል። «ምርት፦ የሦስት ሺህ ዓመት» በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ ተዋናይነት ሙያቸው ባልሆነ ገበሬዎች የተቀረጸ ነው። በውስጡ ግድያ አለ። መሬቱን የተነጠቀውና አብዷል የሚባለው የቀድሞ ወታደር ባለርስቱን በዱላ ደብድቦ ይገድለዋል። ያ ዱላ የሚያርፈው ሲታረስ፣ ሲጎለጎል፣ ከብት ሲነዳ፣ ባለርስቱ ሲጮህ ለረጅም ጊዜ ከተመለከትን በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የገበሬው ልጅ የባለርስቱን ላም ከወንዝ ለማዳን ገብታ ሰጥማለች፤ ስሟን፣ እናቷን፣ የምትጠብቀውን መንጋ እናውቃለን። የባለርስቱ ሞት የሚመዘነው በእርሷ ሞት ነው። ሁለቱም ፊልሞች ድኻ ናቸው፣ ሁለቱም ዘጋቢ ይመስላሉ፤ ማክኖተን ለግድያ ምክንያት አልሰጥም ሲል ኃይሌ ምክንያቱን እስክንጠግብ ያሳየናል። ለእኛ ተመልካች የኃይሌ መንገድ ይቀርባል እላለሁ። የማክኖተን ዝምታ ግን ኃይሌ የሌለውን ጥንቃቄ ይዟል፤ ማንኛውም ማብራሪያ ግድያን ወደ ማጽደቅ ሊንሸራተት እንደሚችል ያውቃል።

የእውነተኛ ሰው ሕይወት ሲነካ ደግሞ ሌላ ዕዳ ይመጣል። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ያቀረበው «ድፍረት» የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አርሲ ውስጥ ለጋብቻ ተጠልፋ ጠላፊዋን በገደለች ልጅና ጉዳይዋን በያዘው የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ታሪክ ላይ ነው። ፊልሙ በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካች ሽልማት አግኝቶ መጣ። አዲስ አበባ ላይ በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ሊመረቅ ተመልካች ተቀምጦ እያለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ታሪኩ የእርሷ የሆነው ሴት አቤት ብላ ነበር። እገዳው በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታይቷል። የፊልሙን ጥቅም አልክድም፤ ጠለፋን በአደባባይ አነጋግሯል። ግን የአንድ ሰው መከራ ለፊልም እውነተኛነት ሲያበድር፣ አበዳሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጠረጴዛው ዙሪያ መቀመጥ አለበት። በጉማ ሽማግሌው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ሟች ቤት እንደሆነ ሁሉ አዘጋጁም ስክሪፕቱን ይዞ መጀመሪያ ወደዚያ ደጅ መሄድ ይገባዋል።

በጅማ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በየከተማው በስልክ ካሜራ ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች በዚህ ዘርፍ ሊሰማሩ ይችላሉ፤ ቢሰማሩም ደስ ይለኛል። «ሄንሪ»ን ይዩት፣ በተለይ የካሴቱን ትዕይንት ደጋግመው ያጥኑት። የእምነት ቃልን ግን መነሻ አያድርጉ። የፍርድ መዝገብ ያንብቡ፣ የሟችን ቤተሰብ ፈቃድ ይጠይቁ፣ እምቢ ከተባሉ ይመለሱ። ሉካስ የሞት ፍርድ የተበየነበት በአንዲት ሴት ግድያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 አስከሬኗ ሲገኝ ማንነቷ ስላልታወቀ በእግሯ በነበረው ብርቱካንማ ካልሲ ተጠራች። ሉካስ እስር ቤት ውስጥ በ2001 ሞተ፤ ስለ እርሱ ፊልሞች ተሠሩ፣ መጻሕፍት ታተሙ። የሴትዮዋ ስም የታወቀው በ2019 ነው።